እንግዳ ስላለበት መታከም ያልቻለው በሽተኛ

በእኛ ከተማ ለመታመም ጤና ያስፈልጋል። ደካማ ሰው አይችለውም። በሽታውንማ የሰጠ አላህ ያስችላል፤ ጠያቂውን ግን ማን ያስችላል? ጅማ ውስጥ አንድ ሰው "አመመኝ" ካለ ቃሉ ከአፉ ወጥቶ መሬት ሳይነካ ገበያ ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ጫማ ይደረደራል። የጫማው ብዛት የሰውየው ክብር ነው። የእናንተ ሰፈር እንዲህ አይደለም? አይደለም ካላችሁ ወይ ታማችሁ አታውቁም፣ ወይ አትዋደዱም።

ጠያቂ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠይቅም። ገና ጫማውን ሳያወልቅ በሽታችሁን ከሐኪሙ በተሻለ የሚያውቅ አለ። ልክ እንደ እናንተ ያመመውን ሰው የሚያውቅ አለ፤ ታሪኩን አስረዝሞ፣ አጣፍጦ ይተርክላችኋል፣ መጨረሻ ላይ ሰውየው ይሞታል። "የእናንተስ ቀላል ነው" ይልና ሙዝ አስቀምጦ ይሄዳል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሙዝ እንዳይበላ ሐኪም ከልክሏል ብንል የሚሰማን አልነበረም። የታመመ ሰው ቤት በባዶ እጅ አይገባም፤ ሙዝ ደግሞ በሁሉም መንገድ ዳር አለ። የቤታችንን ሙዝ አይቶ "ኪሎው ስንት ነው?" ያለ መንገደኛ ነበር።

ክፉ አታስቡብኝ። ጠያቂ ማጣትም አለ፤ እሱ ከበሽታው የባሰ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን በሽታ ሎሚ አይደለም። ሃምሳ ሰው ቢጠይቀው ለሃምሳ አይካፈልም። ሃምሳው ወደየቤቱ ሲበተን፣ በሽታው እንዳለ ከአንዱ ሰው ጋር ያድራል።

ያ አንዱ ሰው እኛ ቤት አባቴ ነው። አባ መጫ ይሉታል። ዕድሜውን በአጋሮ በኩል በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ካቦ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ደም ግፊቱ ድምፁን አጥፍቶ ኩላሊቶቹን ሲጨርስበት፣ ሐኪሞች ሆዱ ላይ ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ተከሉለት። ነገሩ እንዲህ ነው። ንጹሕ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ከግድግዳው ሚስማር ላይ ይሰቀላል፤ ፈሳሹ በቱቦው ሆዱ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ለሰዓታት ተቀምጦ ኩላሊቱ ማውጣት ያቃተውን መርዝ ይሰበስባል፤ ከዚያ መሬት ላይ ወደተቀመጠው ባዶ ከረጢት ይወርዳል። ሌላ አዲስ ይገባል። በቀን አራት ጊዜ፣ ዒድም ቢሆን።

ይህን የሚሠራ አንድ የቤተሰብ ሰው ይሠልጥን ተባለ። ታላቅ ወንድሜ ሥራ ነበረው። እናቴ ሱቅ ነበራት። እኔ ደግሞ ስምንተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነበር። ሥራ የሌለው ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሥራ ፈት ነኝ፤ ቁጭ ያልኩበትን ቀን ግን አላስታውስም።

ያስተማረችኝ ነርስ ናት፤ ሲስተር እላታለሁ። እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል፣ በርና መስኮት ይዘጋል። የቱቦውን ጫፍ ምንም ነገር አይነካውም። ከተነካ የቱቦው ማቆሚያ ተዘግቶ፣ ከከረጢቱ ጋር ሳይገናኝ፣ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት። ከሆዱ የሚወጣው ፈሳሽ ቀጭን ሻይ መስሎ ጥርት ማለት አለበት። "ከረጢቱን በመጣበት ካርቶን ጽሑፍ ላይ አስቀምጪው" አለችኝ፤ "ፊደሉ ካልተነበበልሽ፣ ሆዱን ካመመው፣ ካንቀጠቀጠው፣ 'ነገ' የሚባል ነገር የለም።" ሌላም ነገረችኝ። ዓመታት ሲቆጠሩ የሆድ ውስጡ ስስ ሽፋን እየሻከረ እንደሚሄድ፣ በየኢንፌክሽኑ ጠባሳ እንደሚይዝ፣ የከፋ ቀን ደግሞ ጠንክሮ አንጀትን እንደሚጠፍር፤ ስለዚህ ማስመለስና መክሳት ቢመጣም ዝም እንዳልል። ሁሉንም በቃሌ ያዝኩ። ከአደጋ ምልክቶቹ መካከል ግን ይሉኝታ አልነበረም። ሲስተር ረስታው ነው መሰለኝ።

ለዓመታት ደህና ሄድን። የሚያስቸግረን በሩ ብቻ ነበር። በሌላ አገር የተዘጋ በር "አትግቡ" ማለት ይሆናል። በእኛ ሰፈር በቦሳ አዲስ "ድምፅህን ከፍ አድርገህ ግባ" ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሕክምና ደግሞ በከተማችን ብርቅ ስለሆነ፣ ጠያቂው ሁሉ አባቴን ከጠየቀ በኋላ ቱቦውንም ጠይቆ መሄድ ይፈልጋል። "እስቲ አሳዩን" ይላሉ። አባቴም ሸሚዙን ገልጦ ያሳያል። ሰው ከሩቅ መጥቶ ሳያይ ይሂድ እንዴ?

ሐጂ ሙዘይን የመጡት በአንድ ማክሰኞ ነው። ሐጂ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ የቡና ነጋዴ፣ የአይሱዙ ጌታ ናቸው። ደግ ናቸው፤ ዋሽቼ አላማቸውም። ድምፃቸው ግን ለሁለት ቀበሌ ይበቃል። እኔ እጄን ታጥቤ፣ አፌን ሸፍኜ፣ የቱቦውን ጫፍ ከፍቼ ላገናኝ ስል በሩ ተበረገደ።

"አሰላሙ ዐለይኩም! አባ መጫ! አፊያ ነህ?"

አባቴ ሊነሳ ሞከረ። ሐጂ አንገቱን አቅፈው ሳሙት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን አዩ።

"ይቺ ናት?" አሉና የቱቦውን ጫፍ፣ የናሙና ቡና ፍሬ እንደሚያይ ነጋዴ፣ በሁለት ጣት ይዘው አገላበጡት።

ማቆሚያውን ዘጋሁ። ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ "አባ፣ ተነክቷል። ከእንግዲህ አይገናኝም፤ ሲስተር ጋ እንሂድ" አልኩት።

አባቴ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ "ዝም በይ! እጅዎ ቆሻሻ ነው ልትያቸው ነው?" አለኝ።

ሐጂ ሰምተዋል። "እጄማ ንጹሕ ነው፤ አሁን ነው ዉዱእ ያደረግኩት" አሉ ሁለቱንም መዳፋቸውን ዘርግተው። ዉዱእ ለሶላት ይበቃል። ስለ ቱቦ ግን ማንም አላስተማረንም።

"ኧረ ምንም አይደለም ሐጂ!" አለ አባቴ ጮክ ብሎ። ይህን ብሎ ቢያቆም ጥሩ ነበር። እንግዳው ቅር እንዳይላቸው ቱቦውን ከእጄ ወሰደና፣ ዓይናቸው እያየ፣ በገዛ እጁ ከከረጢቱ ጋር አገናኘው። እንዲህ ነው የአንድ ሰው ሆድ ለሌላ ሰው ፊት ሲባል የሚሠዋው። ፈሳሹ መውረድ ጀመረ። ሐጂም ደስ ብሏቸው ስለ ዘንድሮ ቡና ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

ዓርብ ጠዋት አባቴ ቁርሱን መለሰው። ሆዱን ሲነኩት ፊቱ ይጨማደዳል። ፈሳሹን ሳወጣው አጓት መስሎ ወረደ። ከረጢቱን ካርቶኑ ላይ አስቀመጥኩት። ፊደል የለም። ቀና አደረግኩት፣ ወደ መስኮቱ አዞርኩት፣ ዓይኔን ጠራረግኩ፤ ፊደል የለም።

"አባ፣ አሁን እንሂድ።"

"እሺ" አለ አባቴ፤ "ሰው ከጁምዓ ሲወጣ ብቅ ይላል፤ አንዴ ሰላም ብለናቸው እንሄዳለን።"

እስቲ ፍረዱኝ። ከጁምዓ በኋላ ብቅ ያለ ሰው ቶሎ ሲሄድ ያያችሁ አላችሁ? መጡ። መጀመሪያ ጎረቤት፣ ቀጥሎ የጎረቤት እንግዳ፣ ከዚያ አዴ ዘይነባ ከሙዝ ጋር። አዴ ዘይነባ የሰፈራችን ሴቶች ሁሉ አፍ ናቸው፤ እሳቸው ሳይናገሩ ያለቀ ጉዳይ የለም። መጨረሻ ላይ ሐጂ ሙዘይን ገቡ። ሳሎኑ ስለሞላ መኝታ ቤቱም ሳሎን ሆነ። አባቴ በትራስ ተደግፎ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ፈገግ ይላል። ግንባሩ ላይ ላብ አለ። ለእያንዳንዱ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ በሽታውን ሊጠይቁት ከመጡ ሰዎች የሚደብቅ ሰው ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

እኔ ከረጢቱን በፎጣ ጠቅልዬ ልወጣ ስል ሐጂ አዩኝ።

"ምንድን ነው እሱ? አምጪው እስቲ።"

አመጣሁት። ምን ላድርግ? ሐጂ ከፎጣው አውጥተው በመስኮቱ ብርሃን ፊት አነሱት። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ተስፋ አደረግኩ። አሁን ያዩታል፣ አሁን ይደነግጣሉ ብዬ።

"ማሻአላህ!" አሉ ሐጂ።

ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። "አባ መጫ፣ አንተ ካቦ አይደለህ? ንገራቸው። ቡና ሲታጠብ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ምን ይመስላል?"

"ድፍርስ ነው" አለ አባቴ።

"ጠርቶ ከወረደስ?"

አባቴ ትንሽ አሰበ። "ውሃው ቡናውን በደንብ አልነካውም ማለት ነው።"

"በቃ! ይኸው ዛሬ ነካው! ቆሻሻው መውጣት ጀመረ!"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ቤቱ ሁሉ። አንድ ሽማግሌ ዱዓ ጀመሩ። ምን ልበላችሁ፣ እኔ ራሴ ለአንድ አፍታ ደስ ሊለኝ ነበር። ንግግሩ ያምራል። እዚህ ቤት ውስጥ በቡና ያልኖረ ሰው የለም፤ ሁሉም በዓይኑ ያየውን ነው የሚናገረው። ቡናው ሆድ ቢኖረው ሐጂ ልክ ነበሩ።

አዴ ዘይነባ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። "ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ጥርት ያለ ውሃ ስታወጣ የከረመችው ምን ስታጥብ ነው?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

አፌን ከፈትኩ። ሰው ሲያየኝ ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ የዚያን ቀን ግን ግማሹ ወጣ። "ሲስተር… ደፍርሶ ከወጣ አደጋ ነው ብላለች።"

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ ሐጂ በርኅራኄ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ሲስተር ቡና አጥባ ታውቃለች?"

በዚህ ክርክር ተረታሁ። ሲስተር ቡና አጥባ አታውቅም።

ወደ አባቴ ጎንበስ አልኩ። እጁ ይፋጃል። "አባ፣ እባክህ እንሂድ።"

"እንግዳ ተቀምጦ?" አለኝ እየተገረመ፤ "ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ጥዬ ሐኪም ቤት ልሂድ? ሰው ምን ይለኛል?"

ሰው ምንም አይለውም ነበር። ሰው በማግስቱ መቃብር ላይ ቆሞ "ይሉኝታ የሚያውቅ ሰው ነበር" ይለው ነበር።

እናቴ ጓዳ ናት። ለዚያ ሁሉ ሰው ምሳ ታበስላለች። "እማ፣ አባ አሁን መሄድ አለበት" አልኳት። "ምሳ ሳይቀርብ?" አለች፤ እሷም የዚሁ አገር ሰው ናት። ከረጢቱን አሳየኋት። ጭልፋውን አስቀመጠች። እናቴ ለዓመታት ያንን ፈሳሽ ከእኔ ጋር ስታየው የኖረች ናት፤ ቡና ደግሞ አጥባ አታውቅም። ወደ ሳሎኑ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ እንግዶቹ እንዲሰሙ ጮክ ብላ፣ "ሙኒራ! ስኳር አልቋል፣ ሩጪ ግዢ!" አለችኝ።

ስኳር ሞልቶ ነበር።

ከረጢቱን በጥቁር ፌስታል አድርጌ ባጃጅ ያዝኩ። የባጃጁ ልጅ በመስታወቱ እያየ፣ "ብርዝ ናት? ሊትሩን ስንት ትሸጫለሽ?" አለኝ። ፌስታሉን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። "እህቴ፣ ልቀምሳት አይደለም እኮ፣ ዋጋዋን ነው የጠየቅኩሽ" አለና እስክንደርስ ተኮሳትሮ ነዳ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ያን ቀን በዚያች ከተማ የአባቴን ፈሳሽ ያላደነቀው ሰው አልነበረም።

ሲስተር ፌስታሉን ስትከፍት ፊቷ ተለወጠ።

"አባትሽ የት አሉ?"

"ቤት ነው።"

"ለምን?"

"እንግዳ አለበት።"

ሲስተር ፌስታሉን አስቀመጠች። "የታመሙት እሳቸው ናቸው አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዶቹስ ለምን መጡ?"

"መታመሙን ሊጠይቁት።"

"እና እነሱ ስላሉ መታከም አልቻሉም?"

እንዲህ በቅደም ተከተል ስትጠይቀኝ ነገሩ እኔንም ሳቅ ሳቅ አለኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። ከፈሳሹ በመርፌ ቀድታ ወደ ላቦራቶሪ እየላከች ነገረችኝ፤ የሆዱ ሽፋን በኢንፌክሽን ተይዟል፣ እያንዳንዷ ሰዓት ሽፋኑን ትበላለች፣ ወደ ደሙ ከገባ ይገድለዋል። "በሽፋኑ ዓመታት ተጠቅመንበታል፤ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ልብስ ሻክሯል" አለች። "ቁጥሩን ስጪኝ።"

ወደ አባቴ ስልክ ደወለች። ያነሱት ሐጂ ሙዘይን ናቸው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ብትለጥፈውም እኔ ማዶ ሆኜ እሰማቸዋለሁ።

"አባ መጫ ደህና ነው! ገና ዛሬ ነው ቆሻሻው የወጣለት! አንቺ ማነሽ? ሲስተር? ሲስተር፣ ቡና አጥበሽ ታውቂያለሽ?"

ተዘጋ። ሲስተር ስልኩን አየችው። "ስለ ቡና ነው የጠየቀኝ?"

"አዎ።"

አምቡላንስ ልላክ አለች። አምቡላንስ ሰፈራችን ከገባ ጠያቂው እጥፍ ይሆናል አልኳት። ያኔ ሲስተር ተቆጣች። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም ነበር። "እንግዲያው ያን ስልክ ያነሳውን ሰውዬ ከነበሽተኛው አሁኑኑ ይዘሽልኝ ነይ! ዕውቀቱን እዚህ መጥቶ ያሳየኝ!"

ስመለስ አባቴን ያንቀጠቅጠዋል። በላዩ ላይ ሦስት ጋቢ ደርበውበታል። አዴ ዘይነባ፣ "ይላበው፣ ላቡ ሕመሙን ይዞ ይወጣል" ይላሉ። ምሳ ተበልቶ ነበር። ማንም አልተነሳም፤ ሰው ሲብስበት ጥሎ መሄድ ነውር ነው። እየባሰበት ስለሆነ ደግሞ ሌሎች ሰዎች እየተጠሩ ነበር።

በሩ አጠገብ ቆሜ አሰብኩ። "አባቴን ልውሰደው" ብል የሚሰማኝ የለም። "ተሳስታችኋል" ማለት ደግሞ በእኔ አፍ አይገባም፤ ለዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው፣ ቤታችን ድረስ ለመጣ። ስለዚህ ሐጂ አጠገብ ሄጄ ተንበረከክሁ።

"ሐጂ፣ ሲስተር 'ስልኩን ያነሱት ትልቅ ሰው ከበሽተኛው ጋር ይምጡልኝ፤ ዕውቀታቸውን እዚህ ያሳዩኝ' ብላለች።"

የሲስተርን ቃል አልለወጥኩም። ቁጣውን ብቻ መንገድ ላይ ጣልኩት።

ሐጂ ቀና አሉ። ከዚያ ቆባቸውን አስተካከሉ። "እኔን?"

"እርስዎን። አሁኑኑ ብላለች።"

"ተነሱ!" አሉ ሐጂ፤ መስኮቱ ነዘረ። "ተነሱ፣ ሐኪሞቹ ጠሩኝ! አባ መጫን አንሱት! የአይሱዙውን ቁልፍ አምጡ! ወላሂ፣ አንዲት ደቂቃ አንቆይም!"

ለዓመታት በትምህርት፣ በልመና፣ በሹክሹክታ ያልተንቀሳቀሰ ቤት በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። አባቴን በመኪናው ጋቢና ውስጥ በሐጂና በእናቴ መካከል አስቀመጡት። ጠያቂዎቹ ከኋላ የቡና ጆንያ በሚጫንበት ላይ ወጡ፤ ያልቻሉት በባጃጅ ተከተሉ። መንገድ ላይ ያየን ሰው ሙሽራ የምንወስድ መስሎት አጨበጨበ። አባቴ በዚያ ስቃይ ውስጥ ሆኖ እጁን አንስቶ ሰላም አለው።

ሲስተር በሩ ላይ ጠበቀችን። ሐጂን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ብልህ ናት። "እንኳን አመጧቸው" አለቻቸው፤ "እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ሲያስፈልግ እጠራዎታለሁ።" ሐጂ እስኪመሽ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሲጠሩ ጠበቁ።

ውስጥ ሲስተር ፈሳሹን እያወጣችለት አባቴን ጠየቀችው። "ለምን ጠዋት አልመጡም?"

"እንግዳ ነበረብኝ።"

"ሕመሙስ?"

"ሕመሙማ የቤት ሰው ነው" አለ አባቴ፤ "እሱ ይጠብቃል።"

አልጠበቀም። መድኃኒቱን ከአዲሱ ፈሳሽ ጋር ቀላቅለው በቱቦው ወደ ሆዱ ሰደዱት። በየጠዋቱ ከረጢቱን ካርቶን ላይ አስቀምጬ ፊደል እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ትልልቆቹ ፊደላት ብቅ አሉና በማግስቱ ተመልሰው ጠፉ። ሐኪሙ "በጥቂት ቀን ውስጥ ካልጠራ ቱቦው ይወጣል፤ አለበለዚያ ሰውየውን እናጣዋለን" አለ። አልጠራም። ቱቦው ወጣ።

ያን ቀን ሲስተር ሐጂን በእርግጥ ጠራቻቸው። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። ያየሁት፣ ሐጂ ሲመለሱ ዝም ማለታቸውን ነው። ዝም ያሉ ሐጂን አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። የአባቴ አልጋ አጠገብ ቆመው ሁለቱን ጣቶቻቸውን ለረጅም ጊዜ አዩ። አባቴ ከማደንዘዣው እየነቃ ነበር። ዓይኑን ገለጠ፣ አያቸው፣ እና በደረቀ አፉ መጀመሪያ ያለው ቃል፣ "ሐጂ፣ ምሳ በልተዋል?" ነው።

ሐጂ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ወጡ።

አሁን አባቴ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ሐኪም ቤቱ ማሽን ይሄዳል፤ ደሙ እዚያ ይታጠባል። ሆዱ ጠባሳ ይዟል። ቱቦው ተመልሶ ይገባ እንደሆነ ስንጠይቅ ሐኪሙ "እናያለን" አለን። ሐኪም "እናያለን" የሚለው ያየውን ነገር ሊነግረን ሳይፈልግ ሲቀር ነው። በቤቱ፣ በአልጋው፣ በራሱ ሰዓት ይታከም የነበረ ሰው፣ አንድ ቀን ማንንም ላለማሳፈር ብሎ ይህን ሁሉ ከፈለ። ይሉኝታን እንደ በሽታ የሚመረምር ላቦራቶሪ ቢኖር ኖሮ የእኛ ከተማ ሰው ሁሉ ተኝቶ ይታከም ነበር። ጠያቂም አይተርፍም።

ስለ ሐጂ ልጨርስላችሁ። ዝምታቸው ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ "ያን ቀን አይሱዙው ባይኖር ኖሮ" ማለት ጀመሩ፤ ይህ እውነት ነው። ቀጥሎ "ያን ቀን ተነሱ ባልል ኖሮ" አሉ፤ ይህም እውነት ነው። ወር ሳይሞላ ግን "ያን ከረጢት ገና ሳየው ደፍርሷል፣ ይህ አደጋ ነው አልኩ" የሚል መጣ። አባቴ ይሰማል፣ ይስማማል። አዴ ዘይነባ ይመሰክራሉ። ታሪኩ በቡና ጫኝ መኪና ከአጋሮ እስከ ሸቤ ተዳረሰ። እኔ ታሪኩ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አለሁ፤ ስኳር ልገዛ ስሄድ።

ባለፈው ቤታችን ተቀምጠው ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ከሸቤ የደወለች ሴት ናት፤ ባሏ ልክ እንደ አባቴ ሆዱ ላይ ቱቦ ያለው ነው። የሐጂን ታሪክ ገበያ ላይ ሰምታ ቁጥራቸውን አፈላልጋ ነው። እየተጣደፈች ነው የምታወራው። ጠዋት ከሆዱ የወጣው ውሃ አላማራትም፣ ሆዱንም ቁርጠት ይዞታል፤ ቤቱ ደግሞ በሰው ተሞልቷል፣ ሰዎቹ "እየጠዳለት ነው" ይሏታል። ምን ላድርግ ትላለች።

ሐጂ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ወደ እኔ ዘንበል አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ እንደሚችሉ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ "እኔ ምን ነበር ያልኩት?"

ነገርኳቸው። ከረጢቱን ጽሑፍ ላይ አስቀምጡት፣ ፊደሉ ካልተነበበ ከረጢቱን ሳትጥሉ ይዛችሁ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ 'ነገ' አትበሉ ብለዋል አልኳቸው። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዲህ በማለታቸው የረኩ መሰሉ። ከዚያ መዳፋቸውን አነሱና ሁለት ቀበሌ በሚሰማ ድምፅ ተናገሩት። "እንግዳ ካለም ጥላችሁት ውጡ!" የሚለውን ከራሳቸው ጨመሩበት። ይህን እኔ አላልኩም፤ ሲስተርም አላስተማረችኝም።

የሸቤው ሰው በጊዜ ደረሰ። ቱቦውም ሳይወጣ፣ ፈሳሹ ጠርቶለት ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔ ብቻዬን ባውቀው ኖሮ ሰውየው ምን ይውጠው ነበር?